አህያውን ፈርቶ ዳውላውን



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሬዲዮ ነው። ማታ ማታ ዜና ስለምናዳምጥበት ሬዲዮ ግን አይደለም፤ ሰማይ ላይ ያለ አብራሪና ምድር ላይ ያለ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ስለሚነጋገሩበት ሬዲዮ ነው። «የአገር ጉዳይ በሚነሣበት ገጽ ላይ የአውሮፕላን ሬዲዮ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ብትታገሡኝ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይገባል። የሚገባውም በእኔው ደጃፍ ነው፤ ይህንን ጽሑፍ ስጀምረው ስተወው ዓመታት ያሳለፍሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራዬ የኮምፒውተር ምሕንድስና ማስተማር ነው። ተማሪዎቼ ሊመረቁ ሲቃረቡ፣ ስለ ሥርዓቶች አስተማማኝነት በምሰጠው ትምህርት ላይ፣ በየዓመቱ ሳላነሣው የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። እርሱን ላስቀድም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2004፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ፓልምዴል በምትባል ከተማ የሚገኘው የሎስ አንጀለስ የአየር መስመር ቁጥጥር ማዕከል እንደ ወትሮው በሥራ ተወጥሯል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሲሆን በተቆጣጣሪዎቹ ጆሮ ላይ የነበረው ድምፅ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። በዚያች ቅጽበት ማዕከሉ የሚከታተላቸው አውሮፕላኖች ወደ 400 ይጠጉ ነበር። መጠባበቂያው የድምፅ ሥርዓት ተነሣ፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ እርሱም ወደቀ።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። አብራሪና ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩት በአብዛኛው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው የሬዲዮ ክልል ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ሁሉ ይሰማማሉ፤ የሚናገረው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው «ወደዚህ ታጠፍ፣ ወደዚህ ከፍታ ውረድ» ይላል፤ አብራሪው የተባለውን መልሶ ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ የተደገመው ትክክል መሆኑን ያዳምጣል። የአንድ አውሮፕላን ሬዲዮ ቢበላሽ ሙያው አስቀድሞ መላ አበጅቶለታል። አብራሪው ትራንስፖንደር በሚባለው መሣሪያ ላይ 7600 የሚል ቁጥር ይሞላል፤ ተቆጣጣሪው ያንን ቁጥር በራዳሩ ላይ ሲያይ የዚያ ሰው አንደበት እንደተዘጋ ያውቅና ሌሎቹን ከመንገዱ ያርቅለታል። ወደ ማረፊያው ሲደርስም ማማው በብርሃን ያናግረዋል፤ የማይቋረጥ አረንጓዴ «ማረፍ ትችላለህ» ማለት ነው፤ የማይቋረጥ ቀይ «ቅድሚያ ስጥና መዞርህን ቀጥል» ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የታሰበው አንደበቱ የተዘጋው አንዱ አውሮፕላን ሲሆን ነው። አንደበቱ የተዘጋው ተቆጣጣሪው ራሱ ሲሆንስ? የዚያን ዕለት ነገሩን የከፋ ጭንቅ ያደረገው ራዳሩ አለመጥፋቱ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ያያሉ፤ መናገር ግን አይችሉም። ሁለት ነጥቦች እየተቀራረቡ ሲመጡ ፊታቸው ላይ ይታያቸዋል፤ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ቃሊቱ ግን የምትሄድበት መንገድ የላትም። ችግሩ ከ3 ሰዓት በላይ ቆየ። ወደ 800 የሚጠጉ በረራዎች ተስተጓጎሉ። ቢያንስ በ5 አጋጣሚዎች አውሮፕላኖች በመካከላቸው ሊኖር ከሚገባው ርቀት አልፈው ተቀራረቡ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት አውሮፕላኖች ያለ ምድር እርዳታ እርስ በርስ ተጠያይቀው ከግጭት የሚሸሹበት ቲካስ የተባለው መሣሪያ መኖሩ ነው።

መንሥኤው ምን ነበር? የድምፁን ሥርዓት የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ቀደም ሲል በዩኒክስ ይሠራ ነበር፤ በኋላ በዊንዶውስ በሚሠራ ተተካ። በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ጊዜን በሚሊሰከንድ እየለካ ወደ ታች የሚቆጥር ቆጣሪ ነበረ። የሚጀምረው ማሽኑ ሊይዘው ከሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ከ4 ቢሊዮን 294 ሚሊዮን በላይ ከሆነ ቁጥር ነው። ይህ ወደ ቀን ሲመነዘር 50 ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓታት ይጎድሉታል። ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ሥርዓቱ ጊዜውን መለካት ስለማይችል ራሱን ይዘጋል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ቆጣሪው እንደገና ከላይ ይጀምራል። ስለዚህም አንድ ቴክኒሻን በየ30 ቀኑ ማሽኑን አጥፍቶ እንዲያስነሣ መመሪያ ወጣ። በዚያ ዙር ይህ ሳይደረግ ቀረ። የአገሪቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለሕዝብ የሰጠውም ምክንያት «የሰው ስህተት» የሚል ነበር።

እኔም በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ያንን ትልቅ ቁጥር ከጻፍሁ በኋላ ወደ ተማሪዎቼ ዞሬ «ጥፋተኛው ማን ነው?» እላለሁ። ከፊሉ «ቴክኒሻኑ» ይላል፤ ከፊሉ «ፕሮግራሙን የጻፈው» ይላል። ያን ጊዜ መልሴን እሰጣለሁ። «በየ30 ቀኑ ይጥፋ፣ ይነሣ የሚል መመሪያ መኖሩ ራሱ ጉድለቱ ይታወቅ እንደነበር ይመሰክራል። የሚያውቁት ሰዎች ማሽኑን ከማረም ይልቅ የአንድን ሰው ትውስታ መበደር ቀለላቸው። የ400 አውሮፕላን ዕጣ በአንድ ሠራተኛ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ታርሞ ቆጣሪው ያለ ሰው እጅ በየጊዜው እንዲታደስ ተደርጓል። ማረም የሚቻል ከነበረ ለምን ቀደም ብሎ አልታረመም? ሰው መርሳቱ አይቀርም። ሰው እንደማይረሳ ቆጥሮ የተሠራ ሥርዓት የሚወድቀው ሰውየው የረሳ ዕለት አይደለም፤ እንዲያ ሆኖ እንዲቀጥል የተወሰነ ዕለት ነው።» ይህንን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። ተማሪዎችም ይወዱታል።

አሁን ወደ እኔው ደጃፍ እንምጣ።

ከዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በፊት፣ ዶክትሬቴን ይዤ ወደ ማስተማሩ ከተመለስሁ ብዙም ሳይቆይ፣ በነበርሁበት ተቋም የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበት አንድ ሰርቨር ነበር። ይህ ሰርቨር አንድ ዐመል ነበረው። በተከታታይ ከአሥር ቀን ያህል በላይ ከሠራ ይደነዝዛል። የሚላክለትን ውጤት የተቀበለ ይመስላል፤ አይመዘግብም፤ አለመመዝገቡን ግን አይናገርም። ያቀረበልን ነጋዴ የተሻሻለውን ሶፍትዌር ለመስጠት ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ፤ «ለዚህ ዓመት በጀት አልተያዘም» ተባለ። በምትኩ በሰርቨሩ ክፍል በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ዘወትር ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ሪስታርት ይደረግ።»

ወረቀቱ ለሁሉም የተጻፈ ቢመስልም የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ቴክኒሻን ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ሌላው ሠራተኛ ሰርቪስ ለመያዝ ሲሯሯጥ እርሳቸው ቁልፋቸውን ይዘው ወደዚያች ክፍል ይገቡ ነበር። ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ይጠብቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ሰርቪሱ ጥሏቸው ይሄዳል።

በአንድ የካቲት ወር፣ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምዝገባ ሊጀመር ሲል፣ የጋሼ ታላቅ ወንድም አረፉ። ጋሼ ሐሙስ ማለዳ ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ። ቀብር ነበረ፤ ሣልስት ነበረ። ሰኞ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ሰርቨሩን ግን አላስታወሱትም። ያ ሳምንት መምህራን ውጤት አጠናቅቀው የሚያስገቡበት ሳምንት ነበር። ሐሙስ ዕለት የሦስት ቀን መዝገብ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምዝገባው በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች፣ ያልተመዘገበ ማደሪያ አይሰጠውም በሚለው ደንብ መሠረት፣ በር ላይ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ ሕፃን ልጇን አዝላ ነበር፤ ይህንን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ቁጣው ከፍ አለ። ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። «ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይሁን» ተብሎ ሰብሳቢነቱ ለእኔ ተሰጠ። ጋሼን ጠርተን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ አስቀመጥናቸው። ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙም አያንስም። ጥያቄውን የምጠይቀው እኔ ነበርሁ።

«ዓርብ ዕለት ሰርቨሩ ሪስታርት ተደርጓል?»

«አልተደረገም፣ ዶክተር።»

«ለሌላ ሰው ነግረው መሄድ አይችሉም ነበር?»

«እችል ነበር። መንገር ነበረብኝ። ረሳሁት። የወንድሜ ነገር ሐሳቤን ወስዶት ነበር።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አንድ ነገር ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓርብ በላይ አስታውሻለሁ። ያንን የጻፈልኝ ሰው የለም። የረሳሁት አንዱን ዓርብ ነው፤ እርሱን ለመጻፍ ግን እነሆ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ደግሞም ይህ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያመጣል ብዬ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ አሳስቤ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ይኖራል።»

ፋይሉ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱንም ደብዳቤዎች አንብቤአቸዋለሁ። በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፉ፣ አጭርና ጨዋ፣ የሶፍትዌሩ መሻሻል እንዲገዛ የሚጠይቁ ነበሩ። በአንደኛው ኅዳግ ላይ «ታይቷል፤ ለጊዜው ባለው አሠራር ይቀጥል» የሚል የኃላፊ ጽሑፍ ከነፊርማው ሰፍሮበታል። ኮሚቴው ስለ ደብዳቤዎቹ ተወያየ፤ «የበጀት ጉዳይ ከኮሚቴው የሥራ ወሰን ውጪ ነው» አልን። በቃለ ጉባዔውም ላይ «የችግሩ መንሥኤ የሰው ስህተት መሆኑን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል» ብለን ጻፍን። የዚህች ዓረፍተ ነገር ደራሲ እኔ ነኝ። ጋሼ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጡ፤ ቅጣቱም በማኅደራቸው ተያያዘ።

ቃለ ጉባዔውን የፈረምሁት ሐሙስ ነው። የዚያኑ ሳምንት ማክሰኞ፣ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የሎስ አንጀለሱን ቴክኒሻን ነጻ አውጥቼ ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። እንዲህ ብለህ ጻፍ ብሎ ያዘዘኝ ማንም የለም። የሚከፋውም ይኸው ነው። በደብዳቤው ኅዳግ ላይ የጻፉት ኃላፊ የእኔም አለቃ ነበሩ፤ የደረጃ ዕድገት ጥያቄዬ በጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ስማቸውን ብናነሣ ጉዳዩ ይወሳሰባል፤ ጋሼን ብንቀጣ ግን ጉዳዩ ያልቃል። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቅጣቱ ከተወሰነ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ የተሻሻለው ሶፍትዌር ተገዛ። ለሦስት ዓመት ያልተገኘው በጀት ተገኘ። በር ላይ የነበረውም ወረቀት ተነሣ።

ዳውላውን መምታት ሁልጊዜ በአንድ ወር ደመወዝ አያበቃም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002፣ ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ከተማ አቅራቢያ አንድ የሩስያ ቱፖሌቭ የመንገደኞች አውሮፕላንና አንድ የጭነት ቦይንግ ሰማይ ላይ ተጋጩ። 71 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ለዕረፍት ወደ ስፔን ይጓዙ የነበሩ ልጆች ነበሩ። ያንን የአየር ክልል የሚቆጣጠረው በስዊዘርላንድ የሚገኘው የዙሪክ ማዕከል ነበር። በዚያች ሌሊት በጥገና ምክንያት ራዳሩ በተቀነሰ አቅም ይሠራ ነበር፤ ዋናው የስልክ መስመር ተቋርጧል፤ መጠባበቂያው መስመርም ብልሽት ነበረበት። ሁለተኛው ባልደረባ ዕረፍት ላይ ስለነበረ አንድ ተቆጣጣሪ ሁለት መቆጣጠሪያ ይዞ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ ይህም አስተዳደሩ ለዓመታት አይቶ እንዳላየ ያለፈው ልማድ ነበር። የጎረቤቱ የጀርመን ካርልስሩኸ ማዕከል ተቆጣጣሪዎች አደጋውን አስቀድመው በማስጠንቀቂያ መሣሪያቸው አይተው ወደ ዙሪክ ደጋግመው ደወሉ፤ ስልኩ አልገባ አለ።

ብቻውን የነበረው ተቆጣጣሪ አልተሳሳተም አልልም። ቱፖሌቩን «ውረድ» ያለው፣ ቲካስ ደግሞ አብራሪዎቹን «ውጡ» በሚልበት ሰዓት ነው። ነገር ግን ያ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ብቻውን፣ ያለ ስልክና ያለ ሙሉ ራዳር የተቀመጠው በራሱ ውሳኔ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2004 ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በዚያ አደጋ ያጣ አንድ አባት ተቆጣጣሪውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ገደለው። የአደጋው ምርመራ ሪፖርት ያን ጊዜ ገና አልወጣም ነበር። በ2007 የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ከተቋሙ ኃላፊዎች መካከል አራቱን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላቸው። ሐዘን በመጀመሪያ ያገኘው በቅርብ የነበረውን ሰው ነው፤ ሕግ ደረጃውን ወጥቶ ላይኛው ፎቅ ለመድረስ አምስት ዓመት ፈጀበት። ደረጃውን መውጣቱ ግን አንድ ነገር ነው።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ ወደ ኒውአርክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ከኒውዮርክ ማዶ ላለው ለዚህ ታላቅ አየር ማረፊያ አውሮፕላኖችን የሚመሩ ተቆጣጣሪዎች ለ90 ሰከንድ ያህል ራዳርም ሬዲዮም አጡ። ከሎስ አንጀለሱ ጸጥታ 20 ዓመት አልፎ፣ በዚያችው ባለጸጋ አገር፣ ምክንያቱ የተቃጠለ የመዳብ ሽቦ ሆኖ ተገኘ፤ መጠባበቂያውም ወዲያው አልተነሣም። ከድንጋጤው የተነሣ በርካታ ተቆጣጣሪዎች ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት የሕክምና ዕረፍት ወሰዱ። የአንድ ትልቅ አየር መንገድ ዋና ኃላፊ ለደንበኞቹ በጻፈው መልእክት ግን «ሥራ ጥለው ሄዱ» ብሎ ገለጻቸው። ሽቦውም ሥርዓቱም ሳይረሳ፣ ዱላው አሁንም ከታች ያለውን ሰው ፈለገ።

የእኛም ሰማይ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2022፣ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 አውሮፕላን መውረድ ከሚገባው ቦታ ሳይወርድ፣ በ37,000 ጫማ ከፍታ እንዳለ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ አልነበረም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበረና አውቶፓይለቱ ሲለቅቅ ያሰማው ማንቂያ እንደቀሰቀሳቸው ተዘገበ። አውሮፕላኑ ዞሮ በሰላም አረፈ። የአየር መንገዱ መግለጫ፣ በረራው ከተቆጣጣሪዎች ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደነበረና የሚመለከታቸው አብራሪዎች ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ እንዲገለሉ መደረጉን የሚናገር ነበር።

አብራሪዎቹን ማግለሉ ተገቢ ነው፤ መንገደኛን የሚያህል አደራ ተሸክሞ መተኛት ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ቀን ግን ሬዲዮው ደኅና ነበር፤ ጸጥ ያለው ሰው ነው። የደከመ ሰው ደግሞ ሲደክም የሚያስጠነቅቅ መብራት አይበራበትም። ስለዚህ ከሰውየው ስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የሥራና የዕረፍት ሰዓቱን ማን ያወጣዋል? ድካም ሲኖር ደክሞኛል ማለት ይቻላልን?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለአንድ አየር መንገድ ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ ለሆስፒታሉም፣ ለአገር አቋራጭ አውቶቡሱም፣ ለመብራት ማከፋፈያውም የሚቀርብ ነው።

በአገራችን መግለጫዎች ውስጥ ሁለት የተወደዱ ሐረጎች አሉ፤ አንዱ «የቴክኒክ ችግር»፣ ሌላው «የሰው ስህተት»። «የቴክኒክ ችግር» ሲባል ጥፋት ያለበት ሰው የለም፤ ዕቃው ነው የተበላሸው። «የሰው ስህተት» ሲባል ደግሞ ጥፋተኛው አንድ ታናሽ ሠራተኛ ነው። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ውስጥ የወሰነ ሰው የለም። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ መዝገብ ሲሰወር ከሁለቱ አንዱ ይወጣና መሰላሉ ከታችኛው ርብራብ ላይ ይቆማል። የአቪዬሽን ሙያ ከብዙ ደም በኋላ የተማረውና እኛ ልንዋሰው የሚገባን ነገር አለ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ ኢትዮጵያም የገባችበት፣ በ13ኛው አባሪው የአደጋ ምርመራ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋትና ተጠያቂነትን ማከፋፈል እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህ ማለት ማንም አይጠየቅ ማለት አይደለም፤ ለዚያ ፍርድ ቤት አለ። ማለት የተፈለገው፣ ሰው የሚቀጣበትና እውነት የሚፈለግበት ጠረጴዛ አንድ ሲሆን፣ እውነቱ ወደ ጠረጴዛው አይቀርብም ነው። እኔ በሰበሰብሁት ኮሚቴ የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ዛሬ «የሰው ስህተት» የሚል ሪፖርት ሳነብ ንባቤን እዚያ ላይ አላቆምም። ጉድለቱ ከመቼ ጀምሮ ይታወቅ ነበር? ያወቀው ማን ነው? አስቀድሞ የጻፈ ሰው ነበርን? በኅዳጉ ላይስ ምን ተጻፈበት? እነዚህን ሳይጠይቅ የተዘጋ ፋይል፣ የሞላ ቢመስልም፣ እንደዚያ ሰርቨር ነው፤ የተቀበለ ይመስላል እንጂ አልመዘገበም።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በጡረታ ተሰናበቱ። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ባልደረባችን ለቅሶ ላይ ተገናኘን። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ለዓመታት ሳዘጋጀው የኖርሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ያኔ ደብዳቤዎችዎን አንብቤአቸው ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ዶክተር አላሉኝም። «ስታነባቸው አይቼሃለሁ።»

ከዚያም ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደሚማሩ። መልስ ሰጠኋቸው። ንፍሮ ሲዞር ከእጃቸው አካፈሉኝ። ይህንን ጉዳይ እንድጽፈው ስጠይቃቸውም «ስሜን አታንሣ እንጂ የፈለግኸውን ጻፍ» ብለው ፈቀዱልኝ።

ከዚያ መልስ ወደ ቀድሞው ተቋሜ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ቃለ ጉባዔው እንዲታረምና ሁለቱ ደብዳቤዎች እንዲያያዙበት ጠየቅሁ። «ጉዳዩ በወቅቱ እልባት ያገኘ ስለሆነ እንደገና የሚታይበት አግባብ የለም» የሚል መልስ መጣልኝ። መልሱ አልገረመኝም፤ እኔም በዚያ ወንበር ላይ ብሆን ኖሮ ከዚህ የተለየ እጽፍ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

እዚያ ማረም ካልተቻለ እዚህ ላርመው። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ መባል ነበረበት፦ «የችግሩ መንሥኤ ለሦስት ዓመታት የታወቀ የሶፍትዌር ጉድለት ሳይታረም መቆየቱ ነው፤ ቴክኒሻኑ ጉዳዩን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አሳስበዋል፤ ባለው አሠራር እንዲቀጥል የወሰነው አስተዳደሩ ነው፤ ይህንንም ኮሚቴው ያውቅ ነበር።»

ቸር ይግጠመን።